የማይበሰብስ ጣውላ

የተጎታቹ ወለል የተሰበረ ቀን፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ደስ አለኝ። ባሌ የሰፈራችንን አናጢ ቁም ሣጥን ሊያደርስ ሲሄድ የበሰበሰው ጣውላ ከሥር ከዳውና የቁም ሣጥኑ እግር በቀዳዳው ብቅ አለ። ሰው አልተጎዳም፣ ዕቃውም ተርፏል። እኔ በሆዴ «ተመስገን፣ አሁን እንኳ ቤቱ ይቀመጣል» አልኩ።

ሰፈሩ «ባለ ተጎታቹ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ በዚያች አሮጌ ፒክ አፕ ላይ ተጎታቹን ቀጥሎ የሰው አልጋ፣ የሰው ሶፋ፣ የሰው ፍሪጅ ሲጎትት ኖረ። አምና ከተጎታቹ ላይ ወድቆ ቀኝ ትከሻው ተጎዳ። ሐኪሙ «ከባድ ነገር እንዳታነሳ» አለው፤ እሱም «እሺ» ብሎ ወጥቶ በማግስቱ ፍሪጅ ጫነ። ሸሚዝ ሲለብስ ግን አየዋለሁ። መጀመሪያ የታመመውን እጁን ያስገባና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፣ እንዳላይበት። እኔም ብሆን የሆስፒታል አንሶላ ሳጥብ ወገቤ ያለቀ ሰው ነኝ። የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ትከሻው ጨርሶ ሳይበላሽ ሥራውን እንዲተው።

ይተዋል? ምን በወጣው!

ሳምንት ሳይሞላ ከሚፈርስ ሆቴል በረንዳ የተነቀለ ጣውላ በፒክ አፑ ጭኖ ከች አለ። እንጨት አይደለም። ሰጋቱራ ከቀለጠ ፕላስቲክ ጋር ተደባልቆ የተሠራ ነገር ነው፣ ኮምፖዚት ይሉታል።

«አይበሰብስ፣ ምስጥ አይበላው፣ ቀለም አይፈልግ!» አለኝ ጣውላውን በመዳፉ እየመታ። «ከእኔና ካንቺ በላይ ይኖራል።»

«እሱማ ይኖራል» አልኩት። «አንተን ማን ኮምፖዚት ያድርግልኝ?»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

የበሰበሰውን ነቀለ፣ የዛገውን ብሎን ቆርጦ ጣለ፣ ብረቱን ፍቆ ቀባ። አናጢው ሲያልፍ ቆም ብሎ «ይሄ ጣውላ ፀሐይ ሲመታው ይረግባል፣ ከሥሩ ተጨማሪ ብረት አስበይድለት» ብሎ መከረው። ይቺን ሰማ። ሲያነጥፍ ግን ዕድሜውን ሙሉ እንጨት እንደሚያነጥፈው አነጠፈ፤ የእያንዳንዱን ጣውላ ጫፍና ጫፍ ከተጎታቹ ብረት ጋር አጣብቆ፣ በመዶሻ እየወተፈ። እንጨት በርዝመቱ ንቅንቅ አይልም፣ የለመደው እሱን ነው። የጠዋት ብርድ ላይ ሲያዩት ወረቀት አያስገባም፤ አሪፍ ሥራ ነበር። ቀትር ላይ ፀሐይዋ ስትበረታ ጣውላው ለጠጥ ልበል አለ፤ መሄጃ ሲያጣ መሀሉ ጎብጦ ተነሳ። ሁለት ብሎን ተፈናጥሮ የጎረቤት አጥር ጋ ወደቀ።

«እንጨት መሰለህ እንዴ?» አለው አናጢው ብሎኑን እያቀበለው። «ሲሞቅ በርዝመቱ ያድጋል። ጫፉ ላይ መተንፈሻ ተውለት፤ እኔም ተበላሽቶብኝ ነው የማውቀው። ደግሞ የኋላውን መዝጊያ፣ ስፖንዳውን፣ በዚህ እንዳትሠራው። ቀኑን ሙሉ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር ነው፣ ይሄ ይከብድሃል፤ በስስ ኮምፔንሳቶ ሥራውና ተገላገል።»

«አንድ ዓይነት ካልሆነማ ያስጠላል» አለ ባሌ።

አናጢው ወደ እኔ ዞረና «እህቴ፣ ይሄን ሰውዬ እንዴት ቻልሽው?» አለኝ።

«ማን ቻለው ብለህ ነው?» አልኩት።

ሁሉንም ፈታ። የእያንዳንዱን ጣውላ ጫፍ በመጋዝ ቆርጦ እንደገና አነጠፈ። ከዚያ የማይሰማው ሰውዬ ስፖንዳውንም በዚያው ጣውላ ሠራው። ራት ላይ ቀኝ እጁ አልታዘዝ ብሎት በግራው በላ።

«ተወው በቃ» አልኩት። «አናጢው ሰኞ ካልመጣህ ሌላ መኪና እይዛለሁ ብሎ የለ? ይያዛ! ምን ቸገረህ?»

«ቁጭ ብዬ ምን ልሥራ? ግድግዳ ላይ ላፍጥ?»

«እኔ አለሁ አይደል? እኔ ላይ አፍጥ!»

ሳህኑን ከፊቱ አንስቼ ሄድኩ። እሱም ደክሞታል፣ እኔም ደክሞኛል፤ ለመጣላት እንኳ አቅም አልነበረንም።

ሰኞ ጠዋት በወጥ ቤቱ መስኮት አየሁት። ተጎታቹ አምሮበታል፣ አልዋሽም። ባሌ ስፖንዳውን ሊዘጋ ጎንበስ አለ። እስከ ጉልበቱ አነሳው፣ አስቀመጠው። የሚያየው ሰው እንዳለ ግራ ቀኙን ቃኘ። በግራ እጁ ሞከረ፤ እስከ ወገቡ ደርሶ ተመለሰበት። ከዚያ ግንባሩን የተጎታቹ ጎን ላይ አስደግፎ ቆመ።

ይኸው፣ የተመኘሽው መጣልሽ አልኩ ለራሴ። ከመስኮቱ ዞር ብል ይበቃ ነበር። ገብቶ «በቃኝ» ይለኛል፣ ቁርስ እናቀርባለን፣ ትከሻውም ያርፋል። ግን እንዲህ ተሸንፎ እንዲገባብኝ አልነበረም የፈለግኩት። ያገኘሁትን ጫማ አጥልቄ ወጣሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚያ በኩል ያዝ እንጂ!» አልኩና አንዱን ጫፍ ጨበጥኩ። አቤት ክብደቱ! እያቃሰትን አነሳነው፣ መቀርቀሪያውን እኔ ቀረቀርኩት።

«ጣውላው ነው እኮ» አለኝ ሳያየኝ። «ከባድ ነው።»

«አዎ፣ ጣውላው ነው» አልኩት።

መኪናው ውስጥ ገብቶ መሪውን ያዘ፤ ሞተሩን ግን አላስነሳም። አናጢው ጋ ሲደርስ ስፖንዳውን ማውረድ አለ፣ ተጭኖ ሲያልቅ ማንሳት አለ። ዕቃው የሚገባበት ቤት ደጃፍ እንደገና ማውረድ፣ እንደገና ማንሳት አለ። እኔም እዚያው እንደቆምኩ ነኝ። እጁን ዘረጋና ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ኮቱን አነሳ።

«እግዜር ይይልህ» ብዬው ኮቱ በነበረበት ወንበር ላይ ገብቼ ተቀመጥኩ።