አንበጣው ጠረጴዛችን ላይ ሲመጣ

ዛሬ ፒያሳ ካፌ ውስጥ ዘሃራ ትሪ እየደበደበች ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን።

ከጓደኞቼ ጋር ሰብሰብ ብለን፣ እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ይዞ፣ የሚሆነውን የሚወስነውን ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይስ፣ እየወረወርን ታሪክ እንጫወታለን። አደጋውን የማመጣው ተራኪው እኔ ነኝ። ዛሬ በታሪኩ ውስጥ ባለው የማሽላ ማሳቸው ላይ የአንበጣ መንጋ ለቀቅሁባቸው።

ኤፍሬም "በሰይፌ እቆራርጠዋለሁ!" አለ። (አንድ በአንድ መሆኑ ነው።)

ዘሃራ የወሎዋ ሐርቡ ልጅ ናት። የአባቷን ማሽላ አንበጣ እንደጨረሰው ገና ያኔ ትዝ አለኝ።

"ይቅር፣ በሌላ አደጋ ልቀይረው" አልኳት።

"ወላሂ አትቀይረውም! ኤፍሬም፣ አንተ ደግሞ ሰይፍህን ጣልና ጩህ! አንበጣ እንዳያርፍ ነው እንጂ ካረፈማ አለቀ።" ትሪውን አንሥታ እየደበደበች ጮኸች።

አብረናት ጮህን። አስተናጋጇም ሳትቀር።

ዳይሱን መወርወር ፈራሁ። ሳልወረውር "መንጋው ተነሥቶ ሄደ" አልኩ።

"ማሽላውስ?" አለች ቀስ ብላ።

"ተርፏል።"

ወዲያው የስልኩን ስፒከር ከፍታ አባቷ ዘንድ ደወለች። "አባዬ፣ ማሽላው ተረፈ!"

"የቱ ማሽላ? ደህና ነሽ ልጄ?"

ጨዋታውን አስረዳቻቸው። እሳቸውም ከልባቸው "አልሐምዱሊላህ" አሉ።

እናንተስ? ለጨዋታ ያነሳችሁት ነገር የሰው ቁስል ነክቶባችሁ ያውቃል? ምን አደረጋችሁ?