የእማማ የሺ ኩላሊት

ሞጣ ውስጥ በአንድ የግል ሕክምና ማዕከል ላቦራቶሪ ሥራ የጀመርኩ ቀን፣ አለቃዬ ጋሽ ሙላት የፎርማሊን ጠርሙስ አሳይተው፣ «ከሰው ገላ ተቆርጦ የመጣ ሁሉ እዚህ ውስጥ! አንተ ስታስብ ይበሰብሳል» አሉኝ። እጄ ይህን ለመደ። ቁራጭ ሲመጣ ሳላስበው ክዳኑን እከፍት ነበር።

ጡረታዬ ሦስት ዓመት ሲቀረው ዶክተር ሕይወት የምትባል ተመራማሪ የኩላሊት ካንሰር ልታጠና መጣች።

«ጋሽ ተመስገን፣ ዕጢውን በጅምላ አይደለም የማየው። እያንዳንዱ ሕዋስ የትኞቹን ጂኖች እየሠራባቸው እንደሆነ ለየብቻው ነው የማነበው። ሕዋሱ በሕይወት ካልደረሰኝ ከንቱ ነው።»

ማቆያ ፈሳሽ ያለበት ብልቃጥ በበረዶ ሳጥን አድርጋ ሰጠችኝ። «ፎርማሊን ይገድለዋል፤ አደራ!»

«እኔን ነው የምታስተምሪኝ?» አልኳት። ወይ ድፍረት!

እማማ የሺ ዕጢ የወጣበትን ኩላሊታቸውን በቀዶ ሕክምና ሊያስወጡ ከቢቸና መጡ። ኩላሊታቸው ሲወጣ ልጃቸው አዲሱ ወስዶ ከአባቱ መቃብር ጎን እንዲቀብረው አዘዙ። አካላቸው ነው፣ እንዴት ይጣል? ዶክተር ሕይወት ግን ለጥናቷ ቁራጭ ለመነቻቸው።

«ወንድሜን የገደለው ይኸው በሽታ ነው። ለልጆቼ መላ ከተገኘበት ውሰጂ» አሉ።

ሁለት ቁራጭ መጣልኝ፤ አንዱ ለምርመራ፣ አንዱ ለጥናቱ። ሁለቱንም ፎርማሊን ውስጥ ከተትኳቸው። ምንም አልታወቀኝም።

ከሰዓት ዶክተር ሕይወት ሳጥኑን ከፈተች። ብልቃጡ ውስጥ ፈሳሹ ብቻ ነው። አዲሱ የቀረውን ኩላሊት ይዞ ወደ ቢቸና ሄዷል፤ ሌላ ቁራጭ አይገኝም። አልጮኸችብኝም፤ ብትጮኽብኝ በተሻለኝ።

በማግስቱ እማማ የሺ አልጋቸው ላይ ሆነው፣ «ምን ተገኘ?» አሉኝ።

«ምንም። በእኔ ጥፋት ሞተ፣ እማማ» አልኩና አለቀስኩ።

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «እንግዲያው እሱንም መልስልኝ፤ ከሌላው ጋር ይቀበር።»

አጥቤ፣ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ቢቸና ድረስ ወሰድኩት። አዲሱ ቆፈረ።

እማማ የሺም ብዙ አልቆዩም፤ እዚያው ተቀበሩ።

በሁለተኛው ዓመት አዲሱ ሽንቱ ደም ሆኖበት መጣ። ያው ዕጢ ነው። ዶክተር ሕይወት፣ «የእናቱ አንድ ቁራጭ ብቻውን ባላዳነው ነበር» አለችኝ። አላጽናናኝም።

የእሱ ቁራጭ ሲመጣ፣ ክዳን ከመክፈቴ በፊት ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን «ለጥናት፤ ፎርማሊን ክልክል ነው» የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩ። በላቦራቶሪው የምትተኩኝ እናንተም ጮክ ብላችሁ አንብቡ።