ከሽንሌ ወዲያ፣ አሮጌውን ባቡር ፍለጋ

ጥር ላይ ጅጅጋ ይበርዳል። ሶማሌ ክልል ሁሉ በረሃ መስሎት በሸሚዝ ብቻ የሚመጣ እንግዳ በማግስቱ ማለዳ ልባሽ ጃኬት ሲያማርጥ አይቼ ብዙ ጊዜ ስቄያለሁ። እኔ እዚሁ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ። ፎቶ ቤት ከከፈትኩ ዓመታት አልፈዋል፤ የከተማውን ሙሽራ፣ ተመራቂና የመታወቂያ ፊት ሁሉ አንስቻለሁ። ሥራዬን አውቀዋለሁ፤ ትሑት ለመምሰል አልዋሽም።

አንድ ነገር ብቻ ይቆጨኝ ነበር። ከድሬዳዋ በሽንሌ በኩል ወደ ጅቡቲ በሚዘልቀው አሮጌ ሐዲድ ላይ ባቡር ሲሄድ አንስቼ አላውቅም። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከመጣ ወዲህ አሮጌው አልፎ አልፎ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ ላይኖር ይችላል። የከተማችን ወጣት ፎቶ አንሺዎች ኤግዚቢሽን ሊከፍቱ ነበርና ለመግቢያው ግድግዳ አንድ ትልቅ ፎቶ ሲጠይቁኝ፣ “ባቡሩን አመጣላችኋለሁ” አልኳቸው።

ፎቶ ቤታችን ውስጥ ኮምፒውተሩን የያዘችው ባለቤቴ ሰናይት ናት። “ባቡሩ ካልመጣ የግመል ፎቶ ይዘህ እንዳትመጣ፤ የግመል ሞልቶናል” ብላ ሸኘችኝ።

ከጅጅጋ እስከ ሽንሌ

ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በአባዱላ ሚኒባስ ተነሳን። እስከ ሐረር ሰባ ብር ከፈልኩ። የካራማራ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ስለነበር መኪናው መብራቱን አብርቶ በዝግታ ወጣ። ኬላው ላይ ወታደሩ ቦርሳዬን ከፍቶ ሌንሶቹን አንድ በአንድ አያቸው።

“ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?”

“ባቡር ላነሳ ነው።”

“በመኪና እየሄድክ?” አለና መታወቂያዬን መለሰልኝ። ተሳፋሪው እስከ ፋፈን ድረስ ሲስቅብኝ ሄደ።

ባቢሌ ላይ የአሥር ብር ለውዝ ገዛሁ። ሐረር ላይ መኪና ቀይሬ የደንገጎን ጠመዝማዛ ስወርድ ጃኬቴን አወለቅሁ፤ ድሬዳዋ ስደርስ ደግሞ እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ምሳዬን ሩዝ በፍየል ሥጋ በልቼ፣ ሻሂ ደርቤበት፣ ወደ ሽንሌ ተሻገርኩ። ሽንሌ ቅርብ ነው፤ ወሬ ጀምረህ ሳትጨርስ ትደርሳለህ።

እዚያ የሚያስተምረው ጓደኛዬ ሙክታር ጠበቀኝ። ሙክታር አሮጌ ፒካፕ አለው፤ በሮቹ በገመድ ይታሰራሉ፣ ሞተሩ ግን አይታማም። ባቡሩ በማግስቱ ጠዋት ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ በኩል ወደ ድሬዳዋ እንደሚመጣ አጣርቶልኛል። “ሽንሌ ጣቢያ ላይ ታነሳዋለህ?” ሲለኝ፣ የቆመ ባቡር ማንም ያነሳል አልኩት። እኔ የምፈልገው ሜዳ ላይ ሲበር ነው። ሙክታርም ከሽንሌ ወዲያ ወተት ሻጮች የሚሳፈሩባት፣ ጣቢያ ያልሆነች አንዲት ቦታ እንዳለች ነገረኝ።

ሐዲዱ ዳር

ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተን በአሸዋው መንገድ አርባ ደቂቃ ያህል ከተጓዝን በኋላ ደረስን። ከግራር ጥላ ሥር አራት ሴቶች የወተት ጀሪካኖቻቸውን ደርድረው ተቀምጠዋል። ትልቋ ሮዳ ይባላሉ፤ ሙክታር “ኤዶ” ይላቸዋል፣ አክስት ማለት ነው። እኔም ኤዶ አልኳቸው። በክዳን የግመል ወተት ቀድተው ሰጡኝ። ጭስ ጭስ ይላል፤ ዕቃውን በጭስ ስለሚያጥኑት ነው። አንዱን ክዳን ጨርሼ ሁለተኛ ስቀበል ሳቁብኝ።

ኤዶ ሮዳ ድሬዳዋ ሲሸጡ ስለኖሩ አማርኛ ይችላሉ። “ዛሬ አዲስ ደንበኛ አለኝ፤ ምግብ ቤት ነው” አሉኝ። “ባለፈው ዘገየሁበት። ዛሬ እስከ አራት ሰዓት ካልመጣሽ ከሌላ ሰው እይዛለሁ ብሎኛል። ይሄ ወተት የአምስት ቤት ነው፤ እሱ ከተወን አምስታችንም ያለ ገቢ ተቀመጥን ማለት ነው።”

“ባቡሩ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ” አለ ሙክታር፣ ሻሂ ሊጠጣ አብሯቸው እየተቀመጠ።

እኔ ወደ ሐዲዱ ሄድኩ። ፀሐይዋ ከጎን እየወጣች ነው፤ ከሩቅ ተራሮቹ ሰማያዊ ሆነዋል። በሽማግሌዎች ወሬ ባቡሩ ድሮ በእንፋሎት ነበር የሚጎተተው፤ የዛሬው የናፍጣ ቢሆንም ጭሱ አይናቅም። ሁሉም እንደተመኘሁት ነው፤ ፌስታሉ ግን አበሳጨኝ። እሾሁ ሁሉ ፌስታል ለብሷል። የሙሽራን ቀሚስ ሳላስተካክል አንስቼ አላውቅም፤ ይህንንም አልተውኩም። እሾህ እየወጋኝ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ሐዲዱ ዳር ካለው ረጅም ቁጥቋጦ ላይ ደግሞ የተቀደደ ቢጫ ጨርቅ ታስሮ ነበር። ልክ መሃል ገብቶ ፎቶውን ያበላሻል። ፈትቼ ኪሴ ከተትኩት።

ትንሽ ቆይቶ ባቡሩ ጡሩንባውን እየነፋ መጣ። ምን ልበላችሁ! ጭሱ ከኋላው ተዘርግቷል፣ ብርሃኑ በጎኑ ላይ አርፏል። ደጋግሜ አነሳሁ። እንዲያውም ፍጥነቱን አለመቀነሱ ደስ አሰኘኝ። በአጠገቤ ሲያልፍ መሬቱ ተንቀጠቀጠ።

ከዚያ ጩኸት ሰማሁ። ሴቶቹ ጀሪካን አንጠልጥለው ይሮጣሉ። ኤዶ ሮዳ እጃቸውን አንስተው ከሁሉም ፊት ነበሩ። ባቡሩ አልቆመም።

“ለምን አልቆመም?” አለች አንዷ ቁና ቁና እየተነፈሰች።

“ሾፌሩ ናቀን” አሉ ኤዶ ሮዳ። “ጨርቅ ካየ ይቆማል፣ ጨርቅ ከሌለ ሰው የለም ብሎ ያልፋል። ስንት ዓመት እንዲህ ስንሠራ! ትናንት በእጄ ነው ያሰርኩት። እንዴት አላየሁም ይለኛል? ለአለቃው ነው የምናገረው።”

ጨርቁን ስፈታ ሙክታር አላየኝም፤ ማንም አላየኝም። ዝም ብል ሾፌሩ ተሰድቦ ነገሩ ያልቅ ነበር። እኔ ግን እጄን ኪሴ ከትቼ ጨርቁን አወጣሁ።

“ኤዶ፣ ሾፌሩን አይስደቡት። እኔ ነኝ የፈታሁት። ፎቶውን ያበላሽብኛል ብዬ ነው።”

ኤዶ ሮዳ ጨርቁን አዩት፣ እኔን አዩኝ። በሶማሊኛ ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ሶማሊኛ አለማወቄን የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

“አሁን ስድቡ ወተቱን አያደርሰውም” አለ ሙክታር በመጨረሻ። “ጫኑ።”

ወደ ድሬዳዋ

ጀሪካኖቹን ጫንን። ኤዶ ሮዳ ከፊት ተቀመጡ፣ እኔ ከሦስቱ ሴቶች ጋር ከኋላ ሆኜ እንዳይደፋ ጀሪካን አቅፌ ያዝኩ። ሁለት ጊዜ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅረን ወርጄ ገፋሁ፤ ለመውጣት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀብን። ያን ያህል አፍሬ አላውቅም፤ ጀሪካኑን ሳቅፍ ግን ወተቱ እንደሚደርስ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

ሽንሌ ስንደርስ ባቡሩ ጣቢያው ላይ ተበላሽቶ ቆሟል። ሾፌሩ ዘይት በነካው ቱታ ከመስኮቱ ብቅ ብሏል፣ ጭሱ ከራሱ በላይ ቀጥ ብሎ ይወጣል፤ የጠዋቷ ፀሐይ ፊቱን ወርቅ አስመስላዋለች። የቆመ ባቡር ማንም ያነሳል ያልኩት ውሸት ነበር። ሙክታር ፍጥነቱን ቀንሶ በመስኮቱ ወደ ኋላ ጮኸ።

“ላቁምልህ?”

ሰዓቴን አየሁ፤ ለአራት ሰዓት የቀረው ሃያ ደቂቃ ነው።

“ንዳ” አልኩት።

ባለቤቱን ምግብ ቤቱ በር ላይ ሰዓቱን ሲያይ አገኘነው። ወተቱን ቀመሰ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ሁሉንም ተቀበለ። “ሐሙስም አምጪ” አላቸው። ኤዶ ሮዳ ከዚያ በኋላ ነው ያናገሩኝ።

“ፎቶው አምሯል?”

“አምሯል፣ ኤዶ።”

“ካላማረ ነበር የማዝንብህ” አሉና ባዶ ጀሪካኖቻቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ጅጅጋ

በማግስቱ ማታ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት አጭር ነው፤ ሰው በሚኖርበት ቦታ ለዓይኔ ያላማረኝን ነገር ከማንሳቴ በፊት የማን እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከእሾህ ፌስታል መልቀሜን ግን አልተውም።

ሰናይት ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍታ ብዙ አየችው። “ይሄ ለግድግዳው ነው” አለች። ከዚያ ጥግ ላይ የሚሮጡትን ሴቶች አየች። “እነዚህ ዓይን ይስባሉ። ከዚህ ጋ ልቁረጠው?”

“አይቆረጥም” አልኳት። “አንድ ጊዜ አስቀርቻቸዋለሁ፤ ይበቃል።”