የተሳሳተ ቁጥር

በኮቪድ ጊዜ እናቴ ኢቶቢኮ አፓርታማዋ ውስጥ ብቻዋን ተዘግታ ነበር። ከከተማው ሌላኛው ጫፍ፣ ከኖርዝ ዮርክ፣ በየቀኑ ስደውልላት "ደህና ነኝ ማሙሽ፣ እግዚአብሔር ይመስገን" ብላ ትዘጋዋለች።

አንድ ቀን አስቤዛ ወስጄላት በሯ ላይ ሳስቀምጥ፣ ከበሩ ወዲያ በስልክ "እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤ ዝም ብሎ ይመታል" ስትል ሰማኋት። በኋላ ማን እንደሆነ ስጠይቃት፣ "ተሳስተው የደወሉ አንድ አዛውንት ናቸው" አለችኝ። እህታቸውን ፈልገው ኖሯል። ስለ ጤናው፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ብርዱ ተጠያይቀው እስኪጨርሱ ሁለቱም መሳሳታቸውን አላወቁም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይደውሉላታል።

እኔ ልጇ በ"ደህና ነኝ" እሸኛለሁ፤ መንገደኛው የሆድ የሆዷን ይሰማል። ቅናት አንገበገበኝ።

በማግስቱ በሥራ ስልኬ ደወልኩ። ድምፄን ጎርነን አድርጌ፣ "ይቅርታ እናቴ፣ የተሳሳትኩ መሰለኝ። ለመሆኑ እርስዎ እንዴት ነዎት?" አልኳት።

ወንበር ስባ ስትቀመጥ ተሰማኝ። ከዚያ ፍርሃቷን፣ ለብቻዋ ማልቀሷን፣ ምግብ አልወርድ እንዳላት ሁሉ ዘረገፈችው። እኔም እንደ ባዳ "አይዞዎት" እያልኩ አዳመጥኳት።

ልሰናበታት ስል፣ "በል፣ ነገም ተሳሳት፣ ማሙሽ" አለችኝ።