ጥይት ነው ያልኩት ጠባሳ

ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መሞት አልፈልግም፤ ስለዚህ ዛሬ ልናገር። ፊደል የቆጠርኩት ሸምግዬ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ ታገሱኝ።

በጃንሆይ ጊዜ ሆሳዕና አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ደብዳቤ ይዤ ሆመቾ፣ ሞርሲቶ፣ አንጋጫ በእግሬ እሄዳለሁ። ጌታን አላውቅም። አረቄ እጠጣለሁ፣ ለጠንቋይ በግ እወስዳለሁ፣ ክርክር ከጀመርኩ አልለቅም። ባለቤቴ አየለች ግን ቀድማ አምናለች። ስትጸልይ “ጣሪያው ይሰማሻል” እያልኩ አሾፍባት ነበር። ይቅር ብሎኛል፣ ስሙ ይባረክ!

ታዲያ ቋሚ ልትሆኑ ነው ብለው ለምርመራ ላኩን። ሐኪሙ ሸሚዜን አስወልቆ ደረቴን አየ። በልጅነቴ ሳል ይዞኝ እናቴ ደረቴን በጋለ ብረት አስነክታኝ አምስት ጠባሳ አለኝ። እኛ አገር እንደዚያ ነበር የሚደረገው።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለኝ።

የቤት መድኃኒት ለሐኪም ከተነገረ ይቆጣል እንል ስለነበር ደበቅኩት። እሱም “ሳንባው የታመመ፣ ለመንግሥት ሥራ የማይበቃ” ብሎ ጻፈብኝ። በጠባሳ ብቻ! አራት ልጆች ይዤ ሥራዬ ሄደ።

እምቢ አልኩ፤ ከሰስኩ። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ማመልከቻ ጻፊ ጠባሳዬን አይቶ ሳቀ። “አንተ ሞኝ፣ በጠላት ጊዜ የጣሊያን ጥይት መታኝ በል። አርበኛን ማን ያባርራል?” ጻፈልኝ፤ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ።

ለቀጠሮው ስወጣ አየለች ደጃፍ ላይ ያዘችኝ።

“የጴጥሮስ አባት፣ እናትህ ያን ብረት ስታስነካህ አልቅሳለች አላልከኝም?”

“ብያለሁ።”

“እንድትተርፍላት ያለቀሰችውን ዛሬ ጥይት ነው ብለህ ልትክዳት ነው?”

“ዞር በይ!” ብያት ሄድኩ። ነገሩ ግን አብሮኝ ሄደ።

ዳኛው ማመልከቻውን አስነብበው ቀና አሉ። “በጠላት ጊዜ ስንት ዓመትህ ነበር?”

“የወተት ጥርሴን እየነቀልኩ ነበር፣ ክቡር ዳኛ።”

“በጥርስህ ነው የተዋጋኸው?”

ችሎቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን እናቴ ታየችኝ፤ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ ይዛ “በቃ፣ አለቀ ልጄ” ስትል። “ክቡር ዳኛ፣ ዋሽቻለሁ። እናቴ ናት። ልታድነኝ ብላ ነው።” በልቤም “የአየለች አምላክ፣ ካለህ ተቀበለኝ” አልኩ። ሃሌሉያ! እዚያው ተከሳሽ መስዬ እንደቆምኩ ተቀበለኝ!

ዳኛው ሊያስሩኝ ይችሉ ነበር። ቆጡኝና እንዲህ ብለው ወሰኑ፦ “ጠባሳ የበሽታ ማስረጃ አይሆንም። በራጅ ይታይ። ጤነኛ ከሆነ ወደ ሥራው ይመለስ፤ ታሞም ቢገኝ ታክሞ ሲድን ይመለስ።”

ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። የራጁን ፊልም ወደ መስኮት አድርጎ አየና “ወንድሜ፣ ጠባሳህ ምንም አይደለም። ሳንባህ ግን እውነትም ታሟል። ገና ጅምር ነው፣ ይድናል” አለኝ። እስቲ አስቡት ወገኖቼ! በውሸቴ ረትቼ ቢሆን ኖሮ ደስ ብሎኝ ቤቴ ገብቼ፣ እየሳልኩ ልጆቼን አቅፌ እተኛ ነበር። ጌታ ይመስገን! ጌታ ይመስገን!

ከአንድ ዓመት በላይ መርፌና ኪኒን ወሰድኩ። የማሾፍባቸው የአየለች የእምነት ወገኖች መጡ፤ ሴቶቹ እንሰት ፋቁልን፣ ወንዶቹ ማሳዬን አረሱ፣ እጃቸውን ጭነው ጸለዩልኝ። ሐኪሙ “ድነሃል” ሲለኝ ውሳኔውን ይዤ ቢሮ ገባሁ።

“አንተ ሰው፣ አሁንም አልተውከንም?” አለኝ ኃላፊው።

“እኔንም የተወኝ የለም” አልኩት። የደብዳቤውን ቦርሳ ሰጠኝ።

ዛሬ አየለች እዚህ አጠገቤ ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ግን ትዘምራለች። እኔም ዳገት ወጥቼ ሳላርፍ እዘምራለሁ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ የደበቅኸው የደበቅሽው ካለ ለጌታ አውጡት። ችሎት ፊት የዋሸሁትን እኔን ከተቀበለ፣ እናንተን በምን አንጀቱ ይመልሳችኋል?