ጀማል የጀመራት አውሮፕላን

ባለፈው ሳምንት የግቢያችንን በር የሚቀባው ሰው የቀለም ማቅጠኛውን የአኳራጅ ቆርቆሮ ሲከፍት ሽታው እስከ ሳሎን ዘለቀ። አፍንጫን ቆንጠጥ፣ ዓይንን ቆጥቆጥ የሚያደርግ ሽታ ነው። እኔን ይዞኝ የሄደው ድሮ መካኒሳ ወደነበረው ቤታችን በረንዳ ነው፤ እዚያ ደግሞ የጎረቤታችን ልጅ ጀማል አለ። ጠላሁት እንዳልል ምንም አልበደለኝም። ቀናሁበት። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ መቅናት የምትችለውን ያህል ቀናሁበት።

አባቴ ደብረ ዘይት የጦር አውሮፕላን ሲጠግን ኖሮ ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ በወገብ ሕመም የተሰናበተ ሰው ነበር። ከጋራዥ ሥራው ሲመለስ በረንዳው ላይ ይቀመጥና ከዋንዛ እንጨት ትንንሽ የጦር አውሮፕላኖች ይቀርጻል። በምላጭ ይፍቃል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ ቀለሙን በአኳራጅ አቅጥኖ ይቀባል። የእውነተኛዋ አንድ ሜትር በእሱ ዘንድ አንድ ሳንቲም ተኩል ነው፤ ከዚያ ፍንክች የለም።

ጀማል ከአጥሩ ወዲያ ሱቅ የነበራቸው የእትዬ ዘይነባ ልጅ ነው። ከእኔ አራት ዓመት ይበልጠኛል። አንድ ቀን ስኳር ሊያደርስ መጥቶ፣ የተቀረጸችውን አውሮፕላን ጎንበስ ብሎ አየና፣ «ጋሼ፣ የዚች ጭስ ማውጫ ለምን ሁለት ሆነ?» አለው።

አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ሞተሯ ሁለት ነዋ! ኤፍ ፋይቭ ናት። ና ተቀመጥ፣ ልጄ።»

ልጄ አለው።

እኔም እኮ እቀርጽ ነበር። የኔን ሲያይ፣ «ጎሽ፣ ታምራለች» ይልና መስኮቱ ላይ ያስቀምጣታል። የጀማልን ግን ወደ ብርሃኑ አውጥቶ፣ ገልብጦ፣ በማስመሪያ ለክቶ፣ «ይሄ ስህተት ነው» ብሎ አንድ ሰዓት ሙሉ ያስረዳዋል። በበሩ ስንጥቅ እያየሁ ከንፈሬን እነክስ ነበር።

ጀማል ለትምህርት ቤቱ ኤግዚቢሽን ኤፍ ፋይቭ ሲሠራ፣ አባቴ በሌለበት መጣ። «አስቴር፣ ጋሼ ክንፏ ጫፍ ላይ ምን ይሁን አለ? የነዳጅ ጋን ነው ሚሳይል?»

መልሱን አውቀዋለሁ። ቀድመው የመጡት ናቸው ጋን የነበራቸው፤ በኋላ የመጣችው፣ ሶማሊያን የተዋጋችው ሚሳይል ነው የምትይዘው። አባቴ ደጋግሞ ሲናገር ሰምቻለሁ።

«ጋን ነው ብሏል» አልኩት።

አባቴ ሲመለስ ጋኖቹ በኮላ ተጣብቀው፣ ቀለም ተቀብተው ደርቀዋል። ፊቱ ጠቆረ። «ማነው ጋን ያለህ? በዚች አውሮፕላን ሰው ሞቶባታል እኮ! የሞቱትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። እንደመሰለን አንሠራትም!»

ጀማል እኔን አየኝ።

«እኔ ነኝ ጋሼ። ተሳስቼ ነው» አለ ጀማል።

ሳምንቱን ሙሉ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው እንደገና ሠሯት። ያተረፍኩት ይህንን ነው። መጨረሻ ላይ ጀማል በአጠገቤ ሲያልፍ ቀስ ብሎ፣ «መቀመጥ ከፈለግሽ ለምን አትቀመጪም?» አለኝ።

«ማን? ከናንተ ጋር?» ብዬ በሩን በፊቱ ዘጋሁት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ብሔራዊ ውትድርና ሲታወጅ የጀማል ስም ቀበሌ ተለጠፈ። የሄደ ዕለት ጠዋት አባቴን ሊሰናበት መጣ። አዲስ የጀመራት ሳብር ነበረች፤ በንጉሡ ጊዜ የነበረችው፣ አፍንጫዋ እንደ አፍ የተከፈተው። አፍንጫዋንና ክንፎቿን ጨርሷል፤ ጅራቷ ገና ነበር። «ስመለስ እጨርሳታለሁ» አለ። ከሰሜን ሁለት ደብዳቤ መጣ። ሦስተኛው አልመጣም።

አባቴ ምላጩን ከዚያ በኋላ አልነካም። በዓመቱ ገደማ አንድ እሁድ ጀማል የጀመራትን ሳብር አወረድኩና ጅራቷን ቀረጽኩላት። አባቴ ወደ ብርሃኑ አውጥቶ ገለበጣት፣ ለካት። «የሳብር ጅራት ወደ ኋላ ያዘነብላል። ይሄ ቀጥ ያለ ነው፤ የሌላ አውሮፕላን ነው። አፍርሺው» አለኝ። ደስታዬ እንባዬን አመጣው። ወዲያው እትዬ ዘይነባ ከአጥሩ ማዶ ዶሮ ሲጠሩ ሰማሁና ደስታዬ አሳፈረኝ።

ሦስት ጊዜ አፍርሼ በአራተኛው ተሳካልኝ። አባቴ፣ «የምትገባው ለእናቱ ነው» አለኝና ይዣት ሄድኩ። እትዬ ዘይነባ እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ተቀበሉኝ።

«የትኛው ነው የሱ እጅ?» አሉኝ።

መዋሸት አልፈለግኩም። አፍንጫዋንና ክንፎቿን አሳየኋቸው። እነሱን ብቻ በጣታቸው ቀስ ብለው ደባበሱ፤ ጅራቷን አልነኩም። እኔም እዚያው ቆሜ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ እንደገና ቀናሁበት።