ሄልዩ የተረተረችው ሹራብ

በረዶው ባሕሩን አልለቅ ያለበት ጸደይ ነበር። በኪህኑ ደሴት ሰው ሁሉ የጨው ዓሣ አንገፍግፎት፣ በጭስ በጠቆረ ቤት ተፋፍጎ፣ ያለ ምክንያት ይቆጣ ነበር። ከየጣሪያው ውሃ ይንጠባጠባል፤ ፀሐይዋ ግን ገና ጎንበስ ብላ ነው የምታልፈው።

ሄልዩ ያን ጊዜ ለጋብቻ የደረሰች ልጃገረድ ናት። ሁለት ክረምት ሙሉ ለእጮኛዋ ለኤንደል የሠራችው ሹራብ ሣጥኗ ውስጥ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ነጭና ሰማያዊ፣ ጠርዙ ላይ ከክፉ ዓይን የሚጠብቅ ቀይ መስመር ያለው። በእኛ ደሴት ሙሽራ በገዛ እጇ የሠራችውን ሹራብ ባሏን የምታለብሰው በሠርጉ ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ለልክ እንኳ አይለበስም።

ኤንደል ግን ከበረዶ ላይ አደን ሲመለስ ለጋብቻ የጠየቀው ታናሽ እህቷን፣ ሮሲን ነው። የሮሲ ሆድ ሳይገፋ ሠርጉ ይፍጠን ተባለ። በጎቹ ገና አልተሸለቱም፤ የአምናው ፀጉር ደግሞ ሄልዩ ሹራብ ላይ አልቋል።

"ተርትሪው፣" አለቻት እናቷ ዩሊ፣ ድንች እየላጠች።

"ራሷ ትተርትረው። የምታገባው እሷ!"

"እሷማ ትበጥሰዋለች። የቋጠርሽበትን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

እህትማማቾቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። ሄልዩ ከአንገቱ ጀምራ ትስባለች፤ ሮሲ ትጠቀልላለች።

"እትዬ፣ ቀስ በይ እንጂ፣ ሊያመልጠኝ ነው።"

"አንቺን ደግሞ ምን ያመልጥሻል!"

ሮሲ ሳቀች። "ደረቱን አስፍተሽዋል፣ አይደል? ኤንደል እኮ እንዲህ አይሰፋም። እኔ አጥብቤ ነው የምሠራው።"

ሄልዩ ሌላ ረድፍ ሳበች። ክሩ እንደ ጠቦት ፀጉር እየተጠቀለለ ይወጣል። የተተረተረ ክር ታጥቦ፣ ድንጋይ ታስሮበት ተሰቅሎ ካልደረቀ ጥምዙን አይለቅም፤ እንደገና ሲሠራ ጉብ ጉብ ይላል፣ የሴት ዓይን አይስተውም።

"እማዬ፣" አለች፣ "ሰውዬውንም ክሩንም ወሰደች፣ ይሁን። ክሩን ግን ልጠበው። የእኔ እንደነበረ ሰው ከጀርባው ላይ እንዳያነብ።"

"በዚህ እርጥበት መቼ ሊደርቅ? ያንብቡት። ያላወቀ አለ እንዴ?"

"እማዬ፣ ስለ እግዚአብሔር!"

"እግዚአብሔርን ድንቹ እንዲበስል ለምኚው። ራት ደርሷል።"

ሮሲ ክሩን እንደተጠማዘዘ ሠራችው።

በሠርጉ ቀን የሙሽራው አክስት ሳልሜ፣ እንደ ወጉ፣ ሹራቡን ገልብጣ መነጽሯን አድርጋ መረመረችው። "እናንተ! ይሄ ክር እኮ ከዚህ በፊትም ታጭቶ ነበር!"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሄልዩ ማሰሮ ይዛ ለእንግዳው ቢራ ትቀዳ ነበር። ኤንደል ሹራቡን ለብሶ ዞር ዞር አለና፣ "ሁለት እህትማማች የደከሙለት ወንድ ካለ ይምጣ!" ሲል ሳቁ ባሰ።

"ሄልዩ፣ ነይማ ልጄ፣" አለች ሳልሜ። "ትከሻውን እዪልን። ልኩን የምታውቂው አንቺ ነሽ።"

እናቷ በዓይኗ፣ ሂጂ አለቻት። ሄልዩ ማሰሮውን አስቀመጠች፣ ሰው ሁሉ እያየ ሄዳ የኤንደልን ትከሻ ሳብ አድርጋ አስተካከለች።

"ልክ ነው፣" አለች። ተመልሳም መቅዳቷን ቀጠለች።

በረዶው ቀልጦ የባሕሩ መንገድ ሲከፈት፣ ሄልዩ በመጀመሪያው ጀልባ ደሴቱን ለቅቃ ሄደች። የሸኛት የለም፤ ቤቱ የሠርግ ዕቃ ያጥብ ነበር። ለመጨረሻ ጊዜ እንደተሰማው ከባሕሩ ማዶ ፓርኑ ከተማ በዓሣ ማሸጊያ ቤት ትሠራ ነበር፤ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ፣ ከአንዲት መበለት ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ።